ለጀልባ የሚሆን የባትሪ ማቋረጫ አመራረጥ

በውሃ ላይ የሚጓዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚፈራው ነፋስንና ማዕበልን ነበር። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚሻገር ሰው ውሃው እንዳይገለብጠው ይጠነቀቃል እንጂ፥ በሐይቁ መካከል እሳት ይነሣብኛል ብሎ አይሠጋም። ዛሬ ግን ከታንኳው ጐን የሞተር ጀልባ ይሄዳል፤ ከሞተሩም ጋራ ቤንዚን፥ ከቤንዚኑም ጋራ ባትሪ፥ ከባትሪውም ጋራ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አብሮ መጥቷል። በየብስ የሚሄድ መኪና እሳት ቢነሣበት ተሳፋሪው በሩን ከፍቶ ይወርዳል። በሐይቅ መካከል ያለ ሰው ግን የሚሸሽበት ስፍራ የለውም፤ በአንድ ወገን እሳት፥ በሌላው ወገን ውሃ ነው።

ስለዚህ በመጠኑ አነስተኛ፥ በዋጋውም ከሞተሩ ጋራ ሲመዛዘን ኢምንት የሆነው የባትሪ ማቋረጫ እንዴት እንደሚመረጥ መግለጥ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። የባትሪ ማቋረጫ የምንለው በባትሪውና በጀልባው ሽቦዎች መካከል የሚገባውን፥ በእጅ ሲያዞሩት ኤሌክትሪኩን በሙሉ ከባትሪው የሚለየውን ታላቁን ማጥፊያ ነው።

ይህ ጉዳይ የመካኒክ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለመሥሪያ ቤት ጀልባ ሲገዛ የግዢውን ወረቀት መርምሮ የሚፈርመው ሹሙ እንጂ መካኒኩ አይደለም። ወደ ክብራን ገብርኤል፥ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ወደ ጣና ቂርቆስና ወደ ናርጋ ሥላሴ ለአገልግሎትና ለበዓል በጀልባ የሚሻገሩትም ካህናትና ምእመናን ናቸው። ገዢውና ተሳፋሪው ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ካላወቁ ሻጩ ያቀረበው ሁሉ ደኅና ይመስላቸዋል። ለመጠየቅም የመካኒክነት ትምህርት አያሻም፤ ነገሩ የቆመበትን ምክንያት መረዳት ይበቃል።

ኤሌክትሪክና ጀልባ የተገናኙት ትናንት አይደለም። ሞሪትስ ያኮቢ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1838 ዓ.ም. በፒተርስቡርግ ከተማ በኔቫ ወንዝ ላይ በባትሪ ኃይል የምትሄድ ጀልባ አሳይቶ ነበር። ዛሬ በመኪናና በጀልባ የምናየውን፥ እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ደግሞ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ በ1859 ዓ.ም. ሠራ። ከዚህም ቀደም ብሎ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1832 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ረዥም ሽቦ በድንገት ሲቋረጥ በተቋረጠበት ስፍራ ብልጭታ እንደሚታይ ገልጦ ነበር። የማቋረጫ ምርጫ ነገር ሁሉ ሄንሪ ካያት ከዚያች ብልጭታ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የባትሪን ኃይል የሚገምተው በቮልቱ ነው። በቤት ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ ይፈራል፤ የጀልባው ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ ይናቃል። እውነት ነው፥ 12 ቮልት በደረቅ እጅ ቢነካ ሰውን አይመታም። እሳት የሚያስነሣው ግን በሽቦው ውስጥ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ብዛት ነው፤ ይኸውም በአምፔር የሚለካው ነው። 60 ዋት የሚወስድ አምፑል በ220 ቮልት ሲበራ ከ0.3 አምፔር ያነሰ ይበቃዋል፤ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ግን ያው 60 ዋት 5 አምፔር ይጠይቃል። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ 1,200 ዋት የሚፈልግ ቢሆን 100 አምፔር ይስባል፤ ከቆመበት በሚነሣባት ቅጽበት ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይስባል። የፖዘቲቩ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ኔጌቲቩን የነካ እንደ ሆነም፥ አንድ ደኅና የሞተር ማስነሻ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ከ1,000 አምፔር በላይ ሊያፈስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሽቦው እንደ ፍም ይቀላል፤ በአጠገቡ ያለውም ፕላስቲክና እንጨት ይያያዛል።

ሁለተኛው ነገር የባትሪው ኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። በቤታችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ወደ ባዶ እየደረሰ የሚመለስ ተለዋዋጭ ስለ ሆነ፥ ማጥፊያው ሲከፈት የሚነሣው የእሳት ቅስት ቶሎ ይጠፋል። የባትሪው ግን ሳያቋርጥ በአንድ አቅጣጫ ይፈሳል። ስለዚህ የማቋረጫው ሁለት ናሶች ሲለያዩ በመካከላቸው የሚነሣው ቅስት በቀላሉ አይሞትም፤ ናሶቹንም ይበላቸዋል፥ አንዳንድ ጊዜም አቅልጦ ያጣብቃቸዋል። ለቤት መብራት የተሠራ ማጥፊያ በጀልባ ባትሪ ላይ መዋል የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው። በመልኩ አንድ ቢመስልም ሥራው አንድ አይደለም።

እንግዲህ ማቋረጫ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው፥ መሣሪያው ምን ያህል ኤሌክትሪክ ሊሸከም ይችላል የሚለውን ነው። በዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይታለላል፤ ምክንያቱም በመሣሪያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቍጥር ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚችለው ስለ ሆነ ነው። ደኅና ሠሪ ሦስት ቍጥር ለይቶ ይጽፋል። አንደኛው ሳይቋረጥ ለረዥም ሰዓት የሚሸከመው፥ ሁለተኛው ለጥቂት ደቂቃ የሚሸከመው፥ ሦስተኛው ሞተር በሚነሣባቸው ሴኮንዶች የሚችለው ነው። ገዢው የመጀመሪያውን ቍጥር ጀልባው ዘወትር ከሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ ጋራ፥ የመጨረሻውን ደግሞ የሞተሩ መጽሐፍ ለሞተሪኖው ከሚያዝዘው ጋራ ያስተያያል። ሁለቱም ከሚያስፈልገው በላይ ሆነው ሲገኙ መሣሪያው ይበቃል። አንድ ቍጥር ብቻ ተጽፎበት የምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነ ያልተገለጠበት ወይም ከነጭራሹ ቍጥር የሌለበት ማቋረጫ፥ ዋጋው ቢረክስም መተው አለበት።

መጠኑ ያነሰ ማቋረጫ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። በናሶቹ መካከል ግማሽ ቮልት ብቻ ቢጠፋና 200 አምፔር ቢያልፍ፥ በዚያች ጠባብ ስፍራ 100 ዋት ሙቀት ይወለዳል። ማቋረጫው ቀስ በቀስ ይግላል፥ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፥ ናሱ ይጠቍራል፤ የጠቈረውም ናስ ይልቁን ሙቀት ያበዛል። ደኅና በሆነ ማቋረጫ ላይ ግን ከዚሁ ኤሌክትሪክ የሚጠፋው ከአንድ ቮልት መቶኛ ጥቂት እጅ አይበልጥም።

ሁለተኛው ጥያቄ ማቋረጫው በሚቀመጥበት ስፍራ ምን ዐይነት ትነት አለ የሚለው ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር በሦስትና በአራት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጋኑ ወይም ከቧንቧው ያመለጠ እንደ ሆነ ወደ ላይ አይበተንም፤ በጀልባው ወለል ሥር ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል። ከአየሩ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል እጅ ሲሆንም በብልጭታ ለመቀጣጠል ይበቃል። በሚሞላበት ጊዜ ከባትሪው ራሱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ ከአየር ሁሉ የቀለለ ነው፤ ክዳን ካገኘ ከክዳኑ ሥር ይጠራቀማል፥ ከመቶ 4 እጅ ከደረሰም ይፈነዳል። ተራ ማቋረጫ ሲያጠፉትም ሲያበሩትም ብልጭታ ያወጣል። ስለዚህ ትነት ባለበት ስፍራ የተቀመጠ ተራ ማቋረጫ፥ እሳትን ይከለክላል ተብሎ ተገዝቶ ራሱ የእሳት መለኰሻ ይሆናል።

ለዚህ ሲባል ብልጭታው ከውጭው ትነት ጋራ እንዳይገናኝ ተደርጎ የተሠራ ማቋረጫ አለ። በውስጡ የሚፈጠረው ብልጭታ በዙሪያው ያለውን ትነት ሊያቀጣጥል እንደማይችል ተፈትኖ ይመሰከርለታል። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሥርዓት የዚህ ፈተና ቍጥር ኢሶ 8846 ሲሆን፥ በአሜሪካ ዘንድ ደግሞ ኤስ ኤ ኢ ጄ 1171 የተባለው ነው። በአሜሪካ የቤንዚን ሞተር በውስጣቸው በተተከለባቸው ጀልባዎች ላይ፥ ትነት ሊደርስበት በሚችል ስፍራ ያለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ ታዟል። ናፍጣ በተራ ሙቀት እንደ ቤንዚን ስለማይተንን በናፍጣ ጀልባ ላይ ይህ ሥጋት ያነሰ ነው። ሆኖም በናፍጣው ጀልባ ላይ ትንሽ የቤንዚን ሞተር፥ ትርፍ የቤንዚን ጀሪካን ወይም የጋዝ ምድጃ የሚጫን ከሆነ ሥጋቱ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የምስክርነቱ ቍጥር በመሣሪያው ላይ ወይም ከርሱ ጋራ በሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት እንጂ የሻጩ ቃል ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው ጥያቄ በአደጋ ጊዜ ማን በምን ያህል ፍጥነት ይደርስበታል የሚለው ነው። ማቋረጫው ለባትሪው ቅርብ ሊሆን ይገባዋል፤ ምክንያቱም በባትሪውና በማቋረጫው መካከል ያለው ሽቦ ማቋረጫው ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አይለየውም። ነገር ግን ቅርብ ይሁን ተብሎ በሞተሩ ክፍል ውስጥ የገባ እንደ ሆነ፥ እሳቱ በዚያው ክፍል ሲነሣ እጅን ወደ ነበልባሉ መስደድ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ስፍራ ከሞተሩ ክፍል ውጭ፥ ከባትሪው ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ውሃ ወደ ጀልባው ቢገባ ቶሎ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። የተሳፋሪ ዕቃ፥ ጆንያና ሣጥን የሚደረደርበት ስፍራም አይሆንም። ነጂው ከመቀመጫው ተነሥቶ ምንም ሳያነሣና ሳይፈታ፥ በጨለማም ቢሆን በዳበሳ ሊያገኘው ይገባል። በላዩም ክፍትና ዝግ የሚል ጽሕፈት በአማርኛ ይጻፍበት፤ ነጂው ባይችል አንድ ተሳፋሪ አንብቦ ሊያዞረው ይችላልና።

ስለ ማቋረጫው ዐይነት ደግሞ ጥቂት እንጨምር። በገበያ ላይ ቀይ የፕላስቲክ ቍልፍ ተነቅሎ የሚወጣለት ርካሽ ማቋረጫ በብዛት ይታያል። ቍልፉን ነቅሎ መሄድ ሌባን ስለሚከለክል ብዙ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ከነዚህ ብዙዎቹ የሚሸከሙት ኤሌክትሪክ አነስተኛ ነው፥ የትነት መከላከያም የላቸውም፥ ንዝረት ሲበዛባቸውም ይላላሉ። እጀታው ከአካሉ ጋራ የተያያዘውና የናሱ ብሎን ወፍራም የሆነው ይመረጣል። ሌባን መከላከል ካስፈለገ ባትሪው ያለበትን ሣጥን መቈለፍ ይቻላል።

ሁለት ባትሪ ባለው ጀልባ ላይ አንደኛውን፥ ሁለተኛውን ወይም ሁለቱን በአንድነት የሚመርጥ ባለ አራት ስፍራ ማቋረጫ አለ። በዚህ ላይ የታወቀ አደጋ አለ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ እጀታው በዝግ ስፍራ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ዲናሞው ያመነጨው ኤሌክትሪክ መሄጃ ያጣል፤ ቮልቱ በድንገት ወደ ላይ ይዘላል፤ የዲናሞው ውስጥ ዕቃና ሌላውም መሣሪያ ይቃጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይቆም ማቋረጫውን ወደ ዝግ ማዞር የተከለከለ መሆኑን ነጂ ሁሉ ማወቅ አለበት። እሳት ከተነሣ ግን የዲናሞ ዋጋ አይታሰብም፤ ወዲያው ሞተሩም ይቆማል፥ ማቋረጫውም ይዘጋል። ከአንዱ ባትሪ ወደ ሌላው ሲዞር በመካከሉ የማያቋርጥ ተደርጎ የተሠራው ከማያቋርጠው ካልሆነው ይሻላል። ከሁሉ ይልቅ የሚቀለው ደግሞ ክፍትና ዝግ ብቻ ያለው ነው፤ ነጂው በድንጋጤ ጊዜ ሊሳሳትበት የሚችለው ነገር ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎችን የሚያሳስተውን አንድ ነገር እንግለጥ። ማቋረጫ የፊውዝን ሥራ አይሠራም። ፊውዝ፥ በአሮጌው አጠራር ቫልቮላ የምንለው፥ ማንም ሳይነካው ኤሌክትሪኩ ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ቀልጦ ይቈርጣል። ማቋረጫ ግን እጅን ይጠብቃል። ሽቦ በሌሊት፥ ሰው በሌለበት ቢነካካ የሚያድነው ፊውዙ ነው፤ ጭስ ሲታይ ወይም ጀልባው ሥራ ፈትቶ ሲቆም የሚያድነው ማቋረጫው ነው። አንዱ ስላለ ሌላውን መተው አይገባም። ደግሞም ጀልባው ቆሞ ሳለ የገባውን ውሃ እያወጣ የሚጥለው ፓምፕ ከማቋረጫው በፊት፥ በራሱ ፊውዝ በኩል ከባትሪው ጋራ ሊያያዝ ይቻላል፤ አለዚያ ማቋረጫውን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው በማግሥቱ ጀልባውን ሰጥሞ ሊያገኘው ይችላል። ለሌላው መሣሪያ ሁሉ ግን እንዲህ ያለ መንገድ መፍቀድ ማቋረጫውን ከንቱ ማድረግ ነው።

ማቋረጫው በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ይገባል። አካሉ ብረት በሆነ ጀልባ ላይ ሁለቱም ሽቦዎች ከብረቱ ተለይተው የተዘረጉ እንደ ሆነ ግን፥ ሁለቱን በአንድነት የሚቈርጥ ዐይነት ይሻላል። በአሜሪካ ስለ ጀልባ አሠራር ደረጃ የሚያወጣው፥ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ጉባኤ፥ ኃይለኛ የሆነ የሞተር ማስነሻ ባትሪ ሁሉ ማቋረጫ እንዲኖረውና ማቋረጫውም ለባትሪው በተቻለ መጠን ቅርብና በቀላሉ የሚደረስበት እንዲሆን በደረጃው ላይ ጽፏል። ይህ ደረጃ በራሱ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ጀልባ ሠሪዎች ተቀብለውት ይሠሩበታል። እኛም ከሩቅ አገር የተገኘውን ልምድ ለመጠቀም አደጋ እስኪያስተምረን ድረስ መቈየት አይገባንም።

ማቋረጫ በትክክል ተመርጦ ቢገባም አጠባበቁን ለማያውቅ ሰው አይጠቅምም። ነጂ ጀልባውን ከማስነሣቱ በፊት የወለሉን ክዳን ከፍቶ ማሽተት አለበት። የቤንዚን ሽታ ካለ ማቋረጫውንም ሆነ ማንኛውንም ማጥፊያ አይንካ፤ ትነት በሞላበት ስፍራ ማጥፋትም እንደ ማብራት ብልጭታ ያወጣልና። ተሳፋሪውን ወደ ምድር ያውርድ፥ ክዳኖቹን ከፍቶ ነፋስ ያስገባ፥ ያፈሰሰውንም ፈልጎ ያድርቅ። ደግሞ በየወሩ ማቋረጫው ዝግ ሳለ የባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ ከራሱ ላይ ተፈትቶ የማቋረጫው ብሎኖች ይጥበቁ፤ አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ ናስ ይጠረግ። ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ማቋረጫውን በእጅ ጀርባ መዳሰስ ጥሩ ምርመራ ነው፤ የጋለ እንደ ሆነ ወይ መጠኑ አንሷል፥ ወይ ብሎኑ ላልቷል፥ ወይ ናሱ ተበልቷል። ጀልባው ሲያድርም ማቋረጫው ተዘግቶ ይደር፤ አይጥ የበላው ሽቦ ኤሌክትሪክ ከሌለበት እሳት አያስነሣም።

እንግዲህ ጀልባ የሚያስገዛ ሹም ወይም የገዳም አስተዳዳሪ በግዢው ወረቀት ላይ የሚከተለውን ቢያስጽፍ ይበቃዋል። ማቋረጫው ለጀልባ የተሠራ ይሁን፤ ለረዥም ሰዓትና ለሞተር ማስነሻ የሚሸከመው አምፔር ተለይቶ ይጻፍ፥ የሞተሩ መጽሐፍ ከሚያዝዘውም አይነስ፤ በቤንዚን ጀልባ ላይ የትነት መከላከያው የምስክር ቍጥር ይገለጥ፤ ማቋረጫው ከሞተሩ ክፍል ውጭ በቀላሉ በሚደረስበት ስፍራ ይተከል፤ ከርሱም ጋራ ለባትሪው ተስማሚ የሆነ ፊውዝ ይግባ። ጀልባውን ሲረከብ ደግሞ ሞተሩ ቆሞ መብራቱ እየበራ ሳለ ማቋረጫውን በእጁ አዙሮ ይመልከት። ከውሃው ፓምፕ በቀር አንድ መብራት እንኳ የቀረ እንደ ሆነ፥ ሥራው አላለቀምና አይረከብ።

በዋጋ ውድድር ርካሹን መምረጥ የመንግሥትንም ሆነ የገዳምን ገንዘብ መጠበቅ ነው፥ ደግም ነው። ነገር ግን ርካሽነት የሚመዘነው ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ሥራ የሚሠሩ ሲሆን ነው። በደኅና ቀን ማናቸውም ማቋረጫ መብራት ያጠፋል፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ሽቦ ሲቀላና ጭስ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መለወጫ ሱቅ በሐይቁ መካከል አይገኝም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ቅጠሉም የሚቈረጠው ጀልባው ገና በወደቡ ታስሮ፥ የግዢው ወረቀትም ገና ሳይፈረም ነው።